የካውያው ሹል

አማከለች በጽዳት ሥራዋ ያላየችው ጉድ አልነበረም። የተቆረጠ እግር አይታለች፤ ያልደረቀ ቁስል አይታለች፤ እንደ ሕፃን ትራሱን አቅፎ ሲያለቅስ ያደረ ትልቅ ሰውም አይታለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን የወጋየሁን አንሶላ ልትቀይር ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ የጮኸችው ጩኸት የማገገሚያውን ግቢ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች አንገታቸውን አዞሩ።

የወጋየሁ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች በፋሻ ተጠቅልሏል። ትናንት ማታ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ፋሻ አልነበረበትም። ከፋሻው ሥር ቢጫ ፈሳሽ ወጥቶ አንሶላው ላይ ደርቋል። ከአልጋው ሥር ደግሞ የኤሌክትሪክ ካውያ ተጋድሟል፤ ሆዱ ላይ የሰው ቆዳ ተጣብቆበታል።

መቶ አለቃ አባይነህ ሮበሌ ከፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ክፍሉ በረኪናና የተቃጠለ ሥጋ ይሸት ነበር። መስኮት የከፈተ ሰው የለም። ታኅሣሥ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ቤቱ ነፋስ ስልክ ላይ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባለጸጋ ቪላ የነበረ ሰፊ ቤት ነው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግን ሳሎኑም መኝታ ቤቱም አልጋ ተደርድሮበት፣ ከሰሜን ግንባር ቆስለው የመጡ ወታደሮች እንደገና መራመድ የሚማሩበት ማገገሚያ ሆኗል። ገሚሱ እግሩን ያጣ ነው፤ ገሚሱ እንደ ወጋየሁ ወገቡን የተመታና ከዚያ በታች ያለው አካል የማይሰማው።

በሩ ላይ የማገገሚያው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አምሐ ጠበቀው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ካኪ ልብሱ አዲስ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ።

"ይሄ ተራ ወንጀል አይደለም፤ አሻጥር ነው" አለ አምሐ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም። "ለእናት አገሩ የቆሰለ ወታደር፣ እግሩ የማይሰማው፣ ተኝቶ ሳለ በካውያ ጠበሱት። ያውም የሕክምና ቦርዱ ነገ ሊመጣ!"

"ቦርዱ የሚመጣው ለምንድን ነው?"

"ማን ወደ ግንባር እንደሚመለስ፣ ማን ወደ ቤቱ እንደሚሰናበት ሊወስን ነዋ። እንግዶቹ ሲመጡ ይህ ጉድ ባለቤት አጥቶ እንዲጠብቃቸው አልፈልግም።"

"እርስዎ ማንን ጠረጠሩ?"

"መጠርጠር ምን ያስፈልጋል? ሌሊቱን ተረኛ የነበረችው ሲስተር አሰገደች ናት። ካውያው የሷ ነው። ባሏ በቀይ ሽብር ጊዜ በጸረ አብዮተኝነት የተመታ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?"

"ማን እንዳደረገው ማወቅ ነው የምፈልገው።"

አምሐ ፈገግ አለ። "እንግዲያው እስከ ነገ ጠዋት ፈልግ። ሌላ ሰው ካላመጣህልኝ ለደኅንነት ሰዎች አስረክባታለሁ።"

አባይነህ በፖሊስነት ያረጀ ሰው ነው፤ የደኅንነት ሰዎች የወሰዱት ሰው ሚስቱ ስንቅ ይዛ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትንከራተት፣ "እዚህ የለም" ስትባል ስንት ጊዜ አይቷል።

*

የቀን ተረኛው ድሬሰር ፋሻውን ፈታለት። አባይነህ ጎንበስ ብሎ አየ። ቅልጥሙ ላይ የካውያው ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሟል። ሰፊው የካውያው ወገብ ወደ ጉልበቱ፣ ሹሉ ወደ እግሩ ጣቶች። ቁስሉ በደንብ ታጥቦ ቅባት ተቀብቷል። ያጠበው እጅ የለመደ እጅ ነው።

አልጋው ጥግ ላይ ነው። ራስጌውና ግራ ጎኑ ከግድግዳ ጋር ተጣብቀዋል። ከራስጌው አጠገብ የመብራት መሰኪያ አለ፤ ከመሰኪያው በላይ የመስኮት ደፍ።

"ሌሊት ምን ሰማህ?" አለው ወጋየሁን።

ወጋየሁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ግን የልጅ ነው። "ምንም። ተኝቼ ነበር። እግሬ እኮ አይሰማኝም።"

"ከንፈርህ ምን ሆነ?"

የታችኛው ከንፈሩ አብጦ ጠቁሯል። ወጋየሁ በእጁ ሸፈነው። "ትናንት ከወንበር ወደ አልጋ ስሻገር ብረቱ መታኝ።"

"ጠላት አለህ?"

"እኔ? የማልንቀሳቀስ ሰው ምን ጠላት አለኝ?"

አጠገቡ የቀረበለት ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

*

ሲስተር አሰገደችን መድኃኒት ክፍል ውስጥ ዘግተውባት አገኛት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ነጭ ልብሷን አላወለቀችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

"ካውያው የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው። ቤቴ መብራት የለውም። የልጄን ዩኒፎርም ሌሊት ሥራ ቀለል ሲል እዚህ እተኩሳለሁ። የሚሠራው መሰኪያ የወጋየሁ አልጋ አጠገብ ያለው ብቻ ነው።"

"ትናንትም ተኮሱ?"

"ተኮስኩ። እንዲበርድ ነቅዬ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ።" ይህን ስትል ወደ መሬት አየች። "ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ። ስደርስ ተቃጥሏል። አጠብኩለት፣ አሰርኩለት።"

"ማን አደረገው?"

"አላየሁም።"

"ለምን ለኃላፊው ወዲያው አልተናገሩም?"

"ፈራሁ።"

"ሲስተር፣ በሥራ ላይ ተኝቼ ነበር ማለት ለእርስዎ ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

ሰው ሲጠየቅ ጥፋቱን ያሳንሳል፤ ይህች ሴት ግን የራሷን ጥፋት እንደ ጋቢ ስባ ትከናነበዋለች። ይህ ነገር አባይነህን ከነከነው።

*

አማከለች በረንዳው ላይ ጠርታ ያዘችው። ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ስሜን ካልጠራህ ልንገርህ። ሲስተር ዝንብ አትገድልም። ሰዒድን ጠይቅ! ትናንት ከወጋየሁ ጋር ዳማ ሲጫወቱ ተጣልተው 'እሳት ቢለቁብህ ትነሳ ነበር!' ሲለው በነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።"

ሰዒድ ከወጋየሁ ፊት ለፊት ያለው አልጋ ላይ ተቀምጦ ጺሙን ይላጭ ነበር። ቀኝ እግሩ ከጭኑ ተቆርጧል።

"ሰዒድ አንተ ነህ?"

"ግማሹ ነኝ። የቀረው ሰሜን ቀርቷል።"

"ትናንት ወጋየሁን 'እሳት ቢለቁብህ ትነሳ ነበር' ብለኸዋል?"

"ብየዋለሁ። ደጋግሞ አሸነፈኛ! ሲያሸንፍ ደግሞ ይስቃል። የሱ ሳቅ ሬሳ ያስነሳል።"

"ያንን ቃል ለምን መረጥክ?"

የሰዒድ ምላጭ አገጩ ላይ ቆመ። "አፌ ላይ መጣልኝ" አለ።

"ክራንችህ የት ነው ያለው?"

"በንቲ ጋ፣ ዘበኛው ቤት። ባለፈው ወር ጠጅ ቤት ሄደን ሰዓት እላፊ ስለያዘን፣ ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ክራንቹንም ተሽከርካሪ ወንበሩንም ሰብስቦ ይቆልፍበታል። ከጠላት እጅ አምልጠን በበንቲ ተማረክን!" ከወዲያ በኩል ያለው አልጋ ሳቀ።

"ተስበህ ልትሄድ አትችልም?"

"እችላለሁ። አንድ ጊዜ ከቦይ ወደ ቦይ ተስቤ ነው የተረፍኩት።"

"እጅህን አሳየኝ።"

"ምነው፣ ቀለበት ልታጠልቅልኝ ነው?"

አባይነህ መዳፎቹን ገለበጠ። የፒጃማውን ጉልበትና መቀመጫ አየ። ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ወለሉን በጣቱ ዳበሰ። ጣቱ እንደ በርበሬ ቀይ ሆኖ ወጣ። አማከለች ትናንት ማታ ወለሉን በቀይ ሰም ቀብታዋለች። በዚህ ወለል ላይ የተሳበ ሰው ከእጁ እስከ ደረቱ ቀይ ሆኖ ያድር ነበር። ሰዒድ ግን ንጹሕ ነው፤ አንሶላውም ነጭ።

"ነፃ ወጣሁ?" አለ ሰዒድ።

"ከዚህ ወጥተሃል። ሌሊት ሲስተር ተኝታ ነበር?"

ሰዒድ አልሳቀም። "ማናት እንደሱ ያለችህ?"

"ራሷ።"

"እሷ ከተኛች እነዚህ ወገባቸውን የተመቱት በአንድ ጎን እንደተኙ አድረው ጀርባቸው ይቆስል ነበር። እስኪነጋ ስታገላብጣቸው ነው የምታድረው። ሄደህ ጀርባቸውን እየው።" ምላጩን አስቀመጠ። "ጓድ መቶ አለቃ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን።"

"አይጡን ታውቀዋለህ?"

"እኔ እግር እንጂ ዓይን አልጎደለኝም" አለ ሰዒድ፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረ። 

*

ዘበኛው በንቲ የጀሞ ገበሬ ነው። ቀን ጤፉን ሲወቃ ውሎ ማታ ግቢውን ይጠብቃል። ፀጉሩ ውስጥ እብቅ አለ።

"ማንም አልገባም ጌታዬ… ጓዴ ማለቴ ነው። ሰዓት እላፊ ላይ ማን ነፍሱን ጠልቶ ይወጣል? አጥሩም ውሻውም ደህና ነው።"

"የክራንቹ ክፍል ቁልፍስ?"

በንቲ ከአንገቱ ላይ ቁልፉን አወጣ። "ከማተቤ ጋር ነው የማስረው።"

"አንተ ተኝተህ ነበር?"

"አልዋሽም፤ ሸለብ ያደርገኛል። ቀን ስወቃ እውላለሁ እኮ። ግን ብርዱ በቀሰቀሰኝ ቁጥር የሲስተርን መብራት አየዋለሁ። ከመስኮት ወደ መስኮት ይሄዳል። እሷ አትተኛም።" በንቲ እጆቹን አፋተገ። "ጌታዬ፣ ያቺን ሴት አታስወስዳት። ልጄን ሳል ሲይዛት መድኃኒት የሰጠችኝ እሷ ናት።"

አባይነህ ወደ ውጭ ወጥቶ አጥሩን ዞረ። የተሰበረ የለም፤ የተረገጠ ሣር የለም። ከውጭ የገባ ሰው የለም፤ ከውስጥ መራመድ የሚችል ሰው የለም። ሌሊቱን በሁለት እግሯ ስትሄድ ያደረችው አሰገደች ብቻ ናት። መንገዱ ሁሉ ወደሷ ይወስዳል፤ ልቡ ግን እግሩን አልከተል አለው።

*

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ውብነሽ የነገውን ሸሚዙን ትተኩሳለች። እራቱን አቀረበችለት፤ አልበላም።

"የቀበሌው ሊቀመንበር መንገድ ላይ አገኘኝ" አለችው፣ ካውያውን እየገፋች። "'ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?' አለኝ። ምን ልበለው?"

"ምን አልሽው?"

"'ገና ልጅ ነው' አልኩት። 'ቁመቱ እንደሱ አይልም' ብሎኝ ሄደ።" ዓይኗን አበሰች። "ለሱ ለሱ ፖሊስ ነህ። አንድ የምታውቀው ሰው የለህም?"

አባይነህ ዓይኑ እጇ ላይ ነበር። ካውያው ሸሚዙ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሹሉ ሁልጊዜ ከሷ ወደ ፊት፣ ወደ ወዲያኛው ነው።

"እስቲ ከወዲያ በኩል ዞረሽ ተኩሺ።"

"ምን?"

"ዙሪ ስልሽ!"

ዞረች። ሹሉም አብሯት ዞረ።

"ሹሉን ወዳንቺ አድርገሽ መያዝ ትችያለሽ?"

"ክንዴ ይሰበር እንዴ? ሰውዬ፣ ምን ነካህ?"

አባይነህ ወንበሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ ቅልጥሙን አየ። ከእግርጌ የቆመ ሰው ቢሆን ሹሉ ወደ ጉልበት ይሆናል። ከጎን የቆመ ቢሆን ወደ ግድግዳው። ሹሉን ወደ ጣቶቹ አድርጎ የሚያሳርፍ እጅ የሚመጣው ከጉልበቱ በላይ ነው። እዚያ ደግሞ አልጋው ላይ ከተቀመጠው ሰው በቀር ሌላ ሰው ሊኖር አይችልም።

ከንፈሩን አስታወሰ። ያበጠው ከንፈር ያልነካውን ሻይም።

"በስመአብ" አለ። ውብነሽ ካውያውን አስቀምጣ ደነገጠች። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሊነግራት አፉን ከፈተና የልጁ ሳቅ ከጓዳ ሲሰማ መልሶ ዘጋው።

*

በማግስቱ ሲደርስ የሀና ማርያም ቅዳሴ ገና አላለቀም። ወጋየሁ ነቅቷል። አባይነህ ከሰው የሚያጋርደውን መጋረጃ ጎትቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"የማይሰማው ሰው ከንፈሩን አይነክስም" አለ ቀስ ብሎ።

ወጋየሁ ጣሪያውን አየ። 

"ካውያውን አንተ ነህ የሰካኸው። አንተ ነህ ያሳረፍከው።"

"እሷ አላየችም" አለ ወጋየሁ። "ሌላ ክፍል አንዱ አሞት ጠርተዋት ሄዳ ነበር። እሱን መጀመሪያ ጻፍልኝ።"

"ለምን አደረግከው?"

"ቦርዱ ሲመጣ መርፌ ይወጋል። እግር ይሰማል አይሰማም ብሎ በመርፌ ነው የሚፈትነው። እኔ መርፌ እፈራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሳላስበው እግሬ ይሸሻል።" ከንፈሩን በጣቱ ነካ። "ይህን የሚያህል ቃጠሎ ካዩ ግን መርፌ አያነሱም ብዬ ነው። ይሄ ከተቃጠለና ካልጮኸ እግሩ ሞቷል ይላሉ ብዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰማህ?"

"ከጥቅምት። ሲስተር ናት ያስነሳችኝ። ሰው ሁሉ 'አበቃለት' ሲል እሷ ብቻ ሌሊት ሌሊት እየመጣች እግሬን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ጣትህን አስባት ትለኛለች። ጣት እንዴት ይታሰባል? አስብ ትለኛለች፤ አስባለሁ። አንድ ቀን አውራ ጣቴ ነቅነቅ አለች። ሲስተር አለቀሰች። ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር።"

"አልነበረም?"

"'ለማንም እንዳትናገር' አለችኝ። 'ቀን ቀን እንዳታንቀሳቅሳት።' ከዚያ በኋላ ሌሊት መቆም አስተማረችኝ፤ ቀን መሞት አስተማረችኝ።"

አባይነህ መጋረጃውን ሲከፍት ሰዒድ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያየው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሰዒድም ያውቃል። ከብርድ ልብስ ሥር የምትንቀሳቀስ እግር ፊት ለፊት ካለው አልጋ ትታያለች።

*

መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ዘብ ቆሟል። አባይነህ አልፎ ገባ።

"ደረስኩበት" አላት።

አሰገደች ተነሥታ ቆመች። ከትናንት ወዲህ ያረጀች መሰለችው። "ነገርካቸው?" አለችው። "እርስዎ" ማለቱ ጠፋት።

"ገና ነኝ።"

"እባክህ አትንገራቸው። ራሱን ያጎደለ ወታደር ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ። ግድግዳ ላይ አቁመው ነው የሚመቱት።"

"ካልተናገርኩ እርስዎን ይወስዷቸዋል… ይወስዱዎታል።" ምላሱ ተሳሰረበት። "ልጅ አለዎት።"

"እህቴ አለች፤ ታሳድጋታለች። እሱ ማን አለው? እናቱ መሞቱን ተረድታ ተዝካሩን አውጥታለች፤ መኖሩን ገና አልሰማችም።" ድምጿ ተሰበረ። "ሥራዬ ማስነሳት ነው ጌታዬ። ከፊቴ የተኛውን አስነሳለሁ፤ በእግሩ ሲቆም ይወስዱታል። አንዱ እዚህ በረንዳ ላይ እየዘለለ ተሰናብቶኝ ሄደ፤ በወሩ መርዶው መጣ። ሌላው ያለ እጁ ተመልሶ መጣልኝ። ምናለ ባላስነሣኋቸው እላለሁ። ግን ተኝቶ የሚያለቅስ ሰው እያየሁ እጄን እንዴት አጣጥፌ ልቀመጥ? አንተ ብትሆን ትችላለህ?"

አባይነህ እውነቱን ፈልጎ አግኝቷል፤ ሥራውን ሠርቷል። ያገኘው እውነት ግን እንደ ጋለ ብረት ነው፤ በየትኛው እጁ እንደሚይዘው አያውቅም።

*

ለጓድ አምሐ ያቀረበውን ቃል መንገድ ላይ አላዘጋጀውም፤ እዚያው ቆሞ ነው የፈጠረው።

"ወንጀል የለም ጓድ አምሐ፤ አደጋ ነው። ሌሊት ወጋየሁን በረደው። አልጋውን ላሙቅ ብሎ ካውያውን ከመስኮቱ ደፍ አንሥቶ ራሱ ሰካና ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባው። እግሩ ስለማይሰማው ሲቃጠል አላወቀም። ሹሉም ወደ ጣቶቹ የዞረው ለዚህ ነው፤ ያስገባው ራሱ ስለሆነ ነው።"

አምሐ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረገ። "ጥሩ ነው። ራሱ ለምን አልተናገረም?"

"አፍሮ ነው።"

"እሷስ? ተኝቼ ነበር አለች።"

"ደክሟት ይሆናል።"

"ካውያውን እዚያ ማን ተወው?"

"እሷ። ረስታው ነው።"

አምሐ ተነሣ። "ጠላት ሲያዝ ሁልጊዜ 'ረሳሁ' ነው የሚለው። እግሩ የማይሰማ ወታደር አጠገብ የጋለ ብረት ትታ ተኛች። የባሏን ደም በዚህ መለሰች። አንተ የዋህ ሰው ነህ መቶ አለቃ፤ እኔ ግን የምጠየቅበት ቦታ አለኝ።" ሰዓቱን አየ። "ቦርዱ እየመጣ ነው። የደኅንነት መኪናው ደርሷል፤ ከነሱ በፊት ትውጣልኝ።"

"ጓድ አምሐ፣ አንድ ቀን ይስጡኝ።"

"ጨርሰሃል። አመሰግናለሁ።"

አባይነህ በወገቡ ሽጉጥ፣ በትከሻው ማዕረግ ይዞ ቆሟል። ካስተማሩት ሁሉ፣ ከለበሰው ሁሉ አንዱም ለዚህች ሰዓት የሚሆን አልነበረም።

*

ከመድኃኒት ክፍል ወደ ግቢው የሚወስደው መንገድ በትልቁ ክፍል፣ በአልጋዎቹ መካከል ነው። አሰገደችን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው አመጧት። አምሐ ከፊት፣ አባይነህ ከኋላ። በሽተኞቹ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

"ወዴት ነው የምትወስዷት?" አለ ሰዒድ።

"አርፈህ ተኛ!" አለው አምሐ።

"ተኝቼ ነው ያለሁት! ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

አማከለች መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ፊቷን ሸፈነች። አሰገደች በወጋየሁ አልጋ አጠገብ ስታልፍ አላየችውም። አውቃ ነው ያላየችው።

"ቆዩ" አለ ወጋየሁ።

ማንም አልቆመም።

"ቆዩ እላለሁ! እሷ አይደለችም!"

ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ወጋየሁ እግሮቹን በእጁ ሳያነሣ፣ ራሳቸው እግሮቹ፣ አንዱ ከዚያም ሌላው፣ ከአልጋው ጫፍ ወረዱ። መዳፎቹን ፍራሹ ላይ ተከለ።

አሰገደች ዞራ አየችው። "ተኛ!" ብላ ጮኸች። "ተኛ! ወጋየሁ፣ በእግዚአብሔር፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ተኛ ልጄ!"

ተነሣ።

 ቀጭን እግሮቹ እንደ ሸንበቆ ይንቀጠቀጣሉ። ከተቃጠለው ቅልጥሙ ውኃ ይወርዳል። የአልጋውን ብረት ለቀቀና እጆቹን እንደ ወፍ ዘርግቶ ቆመ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ካውያውን በራሴ እጅ ነው ያስቀመጥኩት። ሁሉም ይሰማኛል። እሷ አታውቅም፤ ልቀቋት።"

አምሐ ፊቱ ገረጣ። ወጋየሁን አየ፣ ቁስሉን አየ፣ ከዚያ ወደ አባይነህ ዞረ። "ይህን ታውቅ ነበር?"

አባይነህ ወደ ወጋየሁ ተጠጋ። አምሐም መልስ አልጠበቀም። በእጁ ምልክት ሰጠ፤ የአሰገደችን ክንድ የያዙት ሰዎች ለቀቋትና ወደ አልጋው ሄዱ።

"ተሽከርካሪ ወንበር አምጡለት" አለ አንደኛው።

"አልፈልግም" አለ ወጋየሁ። "በእግሬ ነው የምሄደው።"

አንድ እርምጃ ሞከረ። ጉልበቱ ከዳው፤ እጁ የሚይዘው ፈልጎ አየሩ ላይ ዋኘ፤ ያገኘውም የአባይነህን ትከሻ ነበር። የሰውነቱ ክብደት ሁሉ እዚያ ላይ አረፈ። ክብደቱ ምንም አይደለም፤ የሕፃን ነው። አባይነህ ወገቡን ይዞ ደገፈው። ሊያስቆመው አልቻለም፤ ሊያስመልጠው አልቻለም፤ እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ነው የቻለው።

ወደ በሩ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። አባይነህ ልጁ ሲንቀጠቀጥ ጎኑ ላይ ይሰማዋል።

ከኋላቸው የአሰገደች ለቅሶ ይሰማ ነበር። ወጋየሁ የበሩ ደፍ ጋ ሲደርስ እግሩ ተደናቀፈ። ያኔ ለቅሶዋ ድንገት ተቋረጠ፤ ከለቅሶው ውስጥ የለመደው፣ የሥራ ድምጿ ወጣ፤

"ወደ መሬት አትይ፤ ፊት ለፊት እይ። ተረከዝህን አስቀድም… እንደሱ። ቀስ… ክብደትህን ወደ ቀኝ። ጎሽ። አሁን ግራውን።"

ወጋየሁ ግራውን አነሣ።

ውጭ፣ ደረጃው ሥር፣ የመኪናው በር ተከፍቶ ይጠብቃል።

"ጎሽ ልጄ" አለች። "አሁን ቀኙን።"